ባዶ አልጋ የወለደው ሽርሽር፦ የገና ሳምንት ክሩዝ ያዋጣል?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ባለቤቴ ስልኳን አቀበለችኝ። ለአምስት ሰው፣ ለሰባት ሌሊት፣ በፈረንጆች ገና ሳምንት ከፍሎሪዳ ተነሥቶ ካሪቢያንን ዞሮ የሚመለስ መርከብ። ዋጋው ከ6 ሺህ ዶላር በላይ ነው። እዚያው ስልክ ላይ የጃንዋሪን መጨረሻ ሳየው፣ ያው መርከብ፣ ያው ክፍል፣ ያው መንገድ ወደ ግማሽ ወርዷል። ልጆቹ ከወዲሁ መዝለል ጀምረዋል። እናቴ ግን «በጾም?» አለች።

በዚህ ሰሞን አሜሪካ ያለን ብዙዎቻችን ይህንኑ ሂሳብ እየሠራን ስለሆነ፣ መልሱን ከታሪክ ልፈልገው ብዬ ተነሣሁ። የክሩዝ ዋጋ ለምን እንዲህ ወጣ ገባ እንደሚል የሚያስረዳን አጀማመሩ ነውና። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመዝናናት ብሎ ባሕር መሻገር ጥንት የባለጸጋ ነገር ነበር። ደራሲው ማርክ ትዌይን በ1867 ከኒው ዮርክ ወደ ሜዲትራኒያንና ወደ ቅድስት ሀገር የሄደባት «ኩዌከር ሲቲ» የተባለችው መርከብ ከአንድ መንገደኛ 1,250 ዶላር ታስከፍል ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ተራ ሠራተኛ ዓመቱን ሙሉ ለፍቶ ይህን ያህል አያገኝም።

ነገሩን ወደ ንግድ የለወጠው ግን የጀርመኑ አልበርት ባሊን ነው። እሱ የሚሠራበት የሃምቡርግ–አሜሪካ ኩባንያ ስደተኛና ነጋዴ በአትላንቲክ ላይ ያመላልስ ነበር። ክረምት ሲገባ ግን ባሕሩ ይናወጣል፤ ተሳፋሪ ይጠፋል። ውድ መርከብ ወደብ ላይ ታስሮ ወጪ ብቻ ይቆጥራል። ባሊን መርከቧን ፀሐይ ወዳለበት ለመላክ ወሰነ። ጃንዋሪ 22 ቀን 1891 «አውጉስታ ቪክቶሪያ» 241 መንገደኞችን ይዛ ከኩክስሃፈን ወደ ሜዲትራኒያን ወጣች፤ ሁለት ወር ገደማ ዞራ ተመለሰች። የዘመናዊው ክሩዝ አባት የሚባለው ባሊን የሆነው በዚህ ነው። ልብ በሉ፤ ሐሳቡን የወለደው ባዶ አልጋ ነበር።

ከ1958 ጀምሮ የጄት አውሮፕላን አትላንቲክን በሰዓታት መሻገር ሲጀምር፣ የመንገደኛ መርከቦች ገበያ ተሟጠጠ። በ1966 አንዲት የኖርዌይ መርከብ፣ «ሰንዋርድ»፣ ከእንግሊዝ ወደ ጂብራልታር የታሰበላት ሥራ ከሽፎባት ሥራ ፈት ሆነች። ባለቤቷ ክኑት ክሎስተር፣ ማያሚ ከነበረው ቴድ አሪሰን ጋር ተስማምቶ፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ከማያሚ ወደ ባሃማስ አሰማራት። ዛሬ የምናውቀው የካሪቢያን ክሩዝ የተነሣው በዚህ ነው። አሁንም መነሻው ባዶ አልጋ!

ሁለቱ ሰዎች ሲጣሉ አሪሰን በ1972 አሮጌ የውቅያኖስ መርከብ ገዝቶ «ማርዲ ግራ» ብሎ ሰየማትና ካርኒቫልን መሠረተ። በመጀመሪያ ጉዞዋ ማያሚ አጠገብ አሸዋ ላይ ተቀረቀረች። ኩባንያው ግን አልሞተም። «የደስታ መርከብ» የሚል ስም ይዞ፣ ሽርሽሩን ከባለጸጋ እጅ አውጥቶ ለደመወዝተኛ አወረደው። ብልሃቱ ቲኬቱን አርክሶ መርከቡን መሙላት፣ ከዚያ የተሳፈረው ሰው ውስጥ ሆኖ እንዲያወጣ ማድረግ ነው፤ መጠጥ፣ ቁማር፣ ኢንተርኔት፣ ፎቶ፣ ወደብ ላይ ጉብኝት። በ2023 ካርኒቫል ካስገባው ገንዘብ ከሦስት ዶላር አንዱ ያህል የመጣው ከቲኬት ውጭ ነው።

ርካሽነቱ ሌላም ምስጢር አለው። መርከቦቹ ሥራቸው ማያሚ ሆኖ ሳለ ባንዲራቸው የፓናማ ወይም የባሃማስ ነው። በዚህ የተነሣ የአሜሪካ የደመወዝና የግብር ሕግ በአብዛኛው አይደርስባቸውም። ክፍል የሚያጸዳውና ወጥ የሚሠራው ሰው ከፊሊፒንስ፣ ከሕንድ፣ ከኢንዶኔዥያ የመጣ ነው፤ ለወራት ቤቱን ሳያይ ይሠራል። የገና ዕለትም ሥራ ላይ ነው። ቤሩትና ሪያድ በሰው ቤት የበዓል ምግብ የሚሠሩ እህቶች ያሉን ሕዝብ ይህን ለመረዳት አይከብደንም።

እንግዲህ ወደ ቤታችን ሂሳብ እንመለስ። ታሪኩ አንድ ነገር በግልጽ ይነግረናል፦ ክሩዝ የሚረክሰው አልጋው ባዶ እንዳይቀር ሲፈራ ነው። በገና ሳምንት ይህ ፍርሃት የለም። ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ሁሉም ይወጣል፤ መርከቡ ይሞላል። ስለዚህ በዚያ ሳምንት የምንከፍለው ትርፍ ገንዘብ ለባሕሩም ለምግቡም ሳይሆን ለቀን መቁጠሪያው ነው። ያውም ለሌላ ሰው ቀን መቁጠሪያ። የእኛ ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ በእነሱ ጃንዋሪ 7። ለምንጾም ቤተሰቦች ደግሞ ያ ሳምንት ጾመ ነቢያት ነው። ቀንና ሌሊት የማይነሣ ማዕድ ተከፍሎበት፣ እናቴ ሰላጣና ፍራፍሬ ስትለቅም ሳስበው አንጀቴን በላው።

ባለቤቴ ግን የመለሰችልኝ መልስ ታሪክ የማይፈታው ነበር። «አንተ ስለ ዋጋ ታወራለህ። እኔ በዓል ሲመጣ አርፌ አላውቅም። እንግዳ ሲሄድ ሰሃኑ እኔን ይጠብቃል። ባሕሩን መች ፈለግሁት? አንድ ሳምንት ሌላ ሰው እንዲያበስልልኝ ነው የፈለግሁት።»

ይህን ስሰማ አፈርኩ። 6 ሺህ ዶላሩ በከፊል የእኔ ስንፍና ዋጋ ኖሯል። ሰው ቀጥረን ከባሕር ማዶ የምናሠራውን ሥራ፣ እኔና ሁለቱ ትልልቅ ልጆች ወጥ ቤት ገብተን በነጻ ልንሠራው እንችል ነበር።

ስለዚህ እንዲህ ወሰንን። በዲሴምበሩ ዕረፍት ቤት እንቆያለን፤ ማብሰሉና ማጠቡ የእኔና የልጆቹ ነው፤ እሷ ወጥ ቤት እንዳትገባ። ጾሙ ተፈትቶ፣ የእኛ ገናና ጥምቀት ካለፉ በኋላ፣ በጃንዋሪ መጨረሻ አራት ሌሊት ክሩዝ እንሄዳለን። ልጆቹ ጥቂት የትምህርት ቀን ይቀራሉ፤ ይህ ዋጋ እንዳለው አልክድም፤ ለአስተማሪዎቻቸው ቀድመን እንነግራለን።

ለምታስቡት ሁሉ ግን ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር አስሉ። አንደኛ፣ ከቲኬቱ በላይ ወደብና ቀረጥ፣ በየቀኑ በነፍስ ወከፍ የሚቆረጠውን ጉርሻ፣ እስከ ፍሎሪዳ የአውሮፕላኑን፤ ደምሩና ለቀኑ ቁጥር አካፍሉ። ሁለተኛ፣ በቤተሰቡ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ካለ፣ መርከቡ ለሚቆምባቸው አገሮች ቪዛ ማስፈለጉንና ወደ አሜሪካ መመለስ መቻሉን አስቀድማችሁ አጣሩ። ሦስተኛ፣ በተለይ አባቶች፣ «ከዚህ ጉዞ የምትፈልጊው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከባሕሩ ይልቅ ወደ ወጥ ቤቱ ሊመራችሁ ይችላል።

ባሊን ባዶ አልጋ አይቶ ሀብት ሠራ። እኛ ደግሞ የሞላውን መርከብ ትተን ባዶውን ብንጠብቅ የምናጣው ነገር የለም። እናንተስ ምን ትላላችሁ?