ስለ ፈጣን ጨዋታና ስለ ጥቂት ብርሃን

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በአንጋጫ ወይም በሾኔ ከቆዩት ትምህርት ቤቶች በአንዱ የተሰቀለ የስፖርት ቡድን ፎቶግራፍ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ተጫዋቾቹ በሁለት ረድፍ ተሰልፈዋል፤ የኋለኞቹ ቆመዋል፤ የፊተኞቹ ተንበርክከዋል፤ ኳሱ ከመካከል ተቀምጧል፤ ዋንጫም ካለ ከኳሱ አጠገብ ነው። ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምትመታቸው ዓይናቸውን ጨፈን አድርገዋል። ከዚህ ሥዕል የማናገኘው ጨዋታውን ነው። ማን እንደ ዘለለ፣ ማን እንደ መታ፣ ማን ተንሸራቶ እንደ ወደቀ ሥዕሉ አይነግረንም። ይህን አንዳንዶች ከሀገራችን ሰው ጨዋነትና ከክብር ወዳድነት የመጣ ልማድ ነው ይሉታል። በእኛ አስተያየት ግን ምክንያቱ ከጠባይ ይልቅ የብርሃን ጉዳይ ነው፤ ይህንም ለማስረዳት ታሪኩን ከሥሩ መመልከት ያስፈልጋል።

ከምባታና ሐዲያ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመን በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር አንድ አውራጃ ነበሩ፤ ዋና ከተማውም ሆሳዕና ነበረች። ከተማይቱ ይህን ስም ያገኘችው ራስ አባተ ቧያለው በሆሳዕና በዓል ዕለት ስለ ገቡባት ነው ይባላል፤ ዋቸሞ የሚለው የጥንት ስሟም ዛሬ በዩኒቨርሲቲው ስም ይኖራል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሆሳዕና ከመቀመጫዎቹ አንዷ ሆናለች። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ደጋ ስለ ሆነ ክረምቱ ይከብዳል፤ ሜዳው ጭቃ ሲሆን የጠረጴዛ ቴኒሱም፣ ጣሪያው ከፈቀደ መረብ ኳሱም፣ ወደ አዳራሽ ይገባል። አዳራሽ ስንል ቆርቆሮ ክዳን፣ ጠባብ መስኮትና ጥቂት አምፖል ያለውን ማለታችን ነው። ጨዋታው የሚደምቀው ደግሞ ሥራና ትምህርት ካለቀ በኋላ፣ ሲመሽ ነው።

እንግዲህ ፎቶግራፍ አንሺው ከዚህ አዳራሽ ሲገባ ምን ይገጥመዋል? የቀትር ፀሐይ በሜዳ ላይ ወደ 100,000 ሉክስ የሚጠጋ ብርሃን ትሰጣለች፤ መጠነኛ መብራት ያለው አዳራሽ ግን 300 ሉክስ ቢኖረው ደኅና ነው። ስለዚህ ፀሐይ በ1/1000 ሴኮንድ የምትሰጠውን ብርሃን አዳራሹ ለመስጠት ሲሶ ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ በሴኮንድ 6 ሜትር የሚሮጥ ልጅ በዚያ ጊዜ ውስጥ 2 ሜትር ይሄዳል። በሥዕሉ ላይ የሚቀረው ጭስ የሚመስል ነገር ነው።

ለዚህ ችግር መድኃኒቱ ሦስት ነው፤ የሌንሱን ዐይን ማስፋት፣ መዝጊያው ክፍት የሚቆይበትን ጊዜ ማርዘም፣ ወይም ፊልሙን ብርሃን በቶሎ የሚሰማው አድርጎ መሥራት። ሦስቱም ዋጋ ያስከፍላሉ። ዐይኑ ሲሰፋ ከተጫዋቹ ፊትና ኋላ ያለው ሁሉ ይደበዝዛል፤ ጊዜው ሲረዝም የሚንቀሳቀሰው ይጠፋል፤ ፊልሙ ሲነቃ ደግሞ ሥዕሉ በሰፌድ ላይ እንደ ተበተነ ጤፍ ፍሬ በፍሬ ይሆናል።

የውጭው ዓለም ይህን ለማሸነፍ ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1878 ሙይብሪጅ የተባለው ሰው በካሊፎርኒያ የጋላቢውን ፈረስ እርምጃ በተደረደሩ ካሜራዎች ሲያነሣ የተማመነው በጠራራ ፀሐይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 በጀርመን አገር የማግኒዚየም ብልጭታ ዱቄት ተሠራ፤ ይህ ግን አዳራሹን በጭስ የሚሞላ፣ አንዳንድ ጊዜም አንሺውን የሚያቃጥል ነገር ስለ ነበረ ለጨዋታ አይመችም። እ.ኤ.አ. በ1929 የብልጭታ አምፖል ለገበያ ወጣ፤ ጭሱ ቀረ፤ ነገር ግን አንዱ አምፖል አንድ ጊዜ በርቶ የሚጣል ነው። ከዚያም በ1930ዎቹ ኤጀርተን የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ደጋግሞ የሚበራ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሠራ፤ በአልባንያ የተወለደው ጆን ሚሊም ከእርሱ ጋር ተባብሮ ስፖርተኞችንና ዳንሰኞችን በዚሁ ብልጭታ አነሣ።

በዚያው ዘመን በሀገራችን ፎቶግራፍ የቤተ መንግሥትና የባለ ፎቶ ቤት ሙያ ነበር። የአርመን ተወላጁ ቤድሮስ ቦያጂያን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ፣ ሙያው ለልጆቹ ለሃይጋዝና ለቶርኮም ተላልፏል። በፎቶ ቤት ሥራ ተነሺው ይቀመጣል፣ ወይም ይቆማል፤ አይነቃነቅም። ይህ ዘዴ ወደ አውራጃ ከተሞች ሲወርድ ስፖርተኛውንም ያገኘው በዚሁ ሥርዓት ነው። ቡድኑን ከአዳራሽ አውጥቶ በፀሐይ ማሰለፍ እንግዲህ የሞኝነት ሥራ አልነበረም፤ በእጅ ያለውን መሣሪያ ማወቅ ነበር።

ከሀገራችን የስፖርት ሥዕሎች ሁሉ የላቀው ግን በጨለማ የተነሣ መሆኑን እናስታውሳለን። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በሮማ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ፈጸመ። ሩጫው የተጀመረው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ስለ ነበር በጥንቱ በአፒያ መንገድ ላይ ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር፤ መጨረሻውም የቆስጠንጢኖስ ቅስት ዘንድ ነበር። ከዚያች ማታ በቀሩት ሥዕሎች ሯጩ በርቶ ዙሪያው ጠቁሮ ይታያል። ይህ የሆነው የብልጭታ ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ አንድ አራተኛ ስለሚወርድ ነው። ጥቁሩ ግን ሥዕሉን አልጎዳውም፤ እንዲያውም ባዶ እግሩን አጉልቶ አሳየው ለማለት ይቻላል።

በአዳራሽ ውስጥ ከተደረጉት ሩጫዎች ደግሞ የኃይሌ ገብረ ሥላሴንና የገንዘቤ ዲባባን እንጥቀስ። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1999 በጃፓን አገር በማኤባሺ በተደረገው የቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና የ1,500ና የ3,000 ሜትር ወርቅ ሁለቱንም ወሰደ። ገንዘቤ በ2006 ዓ.ም. በ15 ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ከሁሉ ቀደመች፤ ጥር 24 ቀን በካርልስሩሄ 1,500 ሜትርን በ3 ደቂቃ ከ55.17 ሴኮንድ፣ ጥር 29 ቀን በስቶክሆልም 3,000 ሜትርን በ8 ደቂቃ ከ16.60 ሴኮንድ፣ የካቲት 8 ቀን በበርሚንግሃም ሁለት ማይልን በ9 ደቂቃ ከ0.48 ሴኮንድ። በካርልስሩሄ የሄደችበት ፍጥነት በሴኮንድ 6 ሜትር ከ38 ሳንቲ ሜትር ነው። መዝጊያው ለ1/60 ሴኮንድ ቢከፈት ሰውነቷ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ያልፋል፤ ለ1/500 ቢከፈት ከ1 ሳንቲ ሜትር ብዙ አይበልጥም። እነዚያ አዳራሾች ለቴሌቪዥን ሲባል በብርቱ መብራት የተሞሉ ስለ ሆኑ ሥዕሏ ጥርት ብሎ ቀርቷል።

የእኛ አዳራሾች እንደዚያ አይደሉም፤ መሣሪያው ግን ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ1954 በ35 ሚሊ ሜትር የወጣው ትራይ ኤክስ የተባለው ፊልም ኋላ በ400 የተመደበ ሲሆን፣ በ300 ሉክስ አዳራሽና በ2.8 የሌንስ ዐይን 1/60 ሴኮንድ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ኒኮን ዲ 3 የተባለው ዲጂታል ካሜራ ግን እስከ 6,400 በደኅና ይሠራ ስለ ነበር በዚያው አዳራሽ ወደ 1/1000 ያደርሳል። አንድ ጠንቅ አለ፤ መስመራችን በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ስለ ሆነ የሸምበቆ መሰሉ አምፖል በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። መዝጊያው በጣም ሲፈጥን ከተከታታይ ሥዕሎች አንዱ ብሩህ ሌላው ጨለም ያለ ሆኖ የሚወጣው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ካሜራው ተበላሸ ብሎ ወደ ሠሪ መሮጥ አያስፈልግም። ብልጭታስ ለምን አይሆንም ቢሉ፣ በ40 ሚሊ ሜትር ኳስ የሚጫወተውን የጠረጴዛ ቴኒስ ተጫዋች ዓይኑን ማወር ነጥቡን መቀማት ነው።

ውድ ካሜራ የሌለው ሰውስ? ለእርሱ መረብ ኳስ ራሱ ይረዳዋል። ወደ ላይ የዘለለ ሰው ከጫፍ ሲደርስ ለጥቂት ጊዜ የቆመ ያህል ነው፤ ከጫፉ 1/20 ሴኮንድ በፊትና 1/20 ሴኮንድ በኋላ ባለው ጊዜ ውስጥ ሰውነቱ ከፍና ዝቅ የሚለው ከ12 ሚሊ ሜትር ብዙ አይበልጥም። ስለዚህ አሮጌው 1/60 እንኳ ይበቃል፤ የሚያስፈልገው ዘላዩን አስቀድሞ ማወቅና ከመረቡ ምሰሶ አጠገብ ተንበርክኮ መጠበቅ ነው። የመቺው ክንድ ይደበዝዛል፤ ኳሱም ሞላላ ሆኖ ይወጣል። ለመከላከል የተነሡት የተቃራኒው ወገን ሁለት እጆችና ከእጆቹ በታች ያለው ፊት ግን ጥርት ብለው ይታያሉ፤ ያ ፊት የማን ልጅ ፊት እንደ ሆነም በሆሳዕና የማያውቅ የለም።