እንዶድ፡ ከዓድዋ ወንዝ እስከ አሜሪካ ፓተንት

የኢትዮጵያ ዕፀዋትና ሕዝቡ ስለ እነርሱ ያካበተው እውቀት ያለ ጽሑፍ ስምምነት ከአገር ሲወጡ፣ በኋላ የጥቅም ተጋሪነትን ማስከበር አዳጋች እንደሚሆን የእንዶድ ታሪክ ያስረዳል።

እንዶድ በደጋና በወይና ደጋ አካባቢዎች የሚበቅል ዕፅ ሲሆን፣ ፍሬው ለብዙ ዘመናት ልብስ ለማጠብ ሲያገለግል ኖሯል።

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ በርካታ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። የቢልሃርዚያ ጥገኛ ትል የዕድገቱን አንድ ክፍል የሚያሳልፈው በቀንድ አውጣ ውስጥ በመሆኑ፣ ግኝቱ በሽታውን በአገር በቀል ዕፅ ለመከላከል መንገድ ከፍቷል።

እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ በተካሄደው ሙከራ፣ በሕፃናት ላይ ይታይ የነበረው የበሽታው ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ ብሏል። ዶክተር አክሊሉ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር በ1989 የ«ራይት ላይቭሊሁድ» ሽልማት ተሸልመዋል።

በዚያው ወቅት «ዜብራ መስል» የተባለ ባለዛጎል የውኃ እንስሳ ከመርከቦች በሚደፋ ውኃ አማካይነት ወደ ሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ገብቶ፣ የከተሞችንና የኃይል ማመንጫዎችን የውኃ ቧንቧዎች ይደፍን ነበር። በአሜሪካ ኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዶድ ይህንንም እንስሳ እንደሚገድል አረጋገጡ። አጠቃቀሙም እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ፓተንት አግኝቷል።

ዶክተር አክሊሉ ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆነው ቢመዘገቡም፣ የፓተንት ሕግ የሚያውቀው በስም የተጠቀሰን ፈልሳፊ እንጂ እውቀቱን ለትውልድ ያቆየን ማኅበረሰብ አይደለም። በወቅቱ ኢትዮጵያ የራሷ የፓተንት ሕግ አልነበራትም፤ የብዝሃ ሕይወት ስምምነትንም ያጸደቀችው በ1994 ነው።

ስምምነት መኖሩ ብቻውን በቂ አለመሆኑን ደግሞ የጤፍ ጉዳይ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር የጥቅም ተጋሪነት ውል ቢፈረምም፣ ኩባንያው በጤፍ ዱቄት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አግኝቶ በ2009 ከስሯል። የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱ በኔዘርላንድስ ዋጋ እንደሌለው የወሰነው በ2018 ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ እውቀት አርክቦት አዋጅ ቁጥር 482/1998 ይህን ክፍተት ለመሙላት የታለመ ነው። በአዋጁ መሠረት፦

- ማንኛውም ሰው የጄኔቲክ ሀብት ለማግኘት ከኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ መውሰድ አለበት።
- የማኅበረሰብ እውቀት የሚገኘው የማኅበረሰቡ ቅድሚያ ስምምነት ሲኖር ነው።
- ፈቃድ ያገኘ ወገን ያለ ኢንስቲትዩቱ የጽሑፍ ስምምነት በማኅበረሰብ እውቀቱ ላይ ፓተንት መጠየቅ አይችልም።
- ምርምሩ በተቻለ መጠን በአገር ውስጥ፣ በኢትዮጵያውያን ተሳትፎ ይካሄዳል።
- መንግሥት ከሀብቱ ከሚያገኘው የገንዘብ ጥቅም 50 በመቶው ለአካባቢው ማኅበረሰብ ይሰጣል።

የጉምሩክ ሠራተኞች ከአገር የሚወጣ የጄኔቲክ ሀብት ፈቃድ ያለው መሆኑን የማረጋገጥ ኃላፊነት አለባቸው። የፖስታ አገልግሎትና የኳራንቲን መሥሪያ ቤቶችም ተመሳሳይ ግዴታ ተጥሎባቸዋል።

በዓለም አቀፍ ደረጃም፣ የፓተንት አመልካቾች የጄኔቲክ ሀብቱን መገኛ እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ስምምነት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 በጄኔቭ ተቀባይነት አግኝቷል። ከአንድ ዓመት ቀደም ብሎ የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ስምምነት ደግሞ ከአገሮች ክልል ውጭ ካሉ የባሕር ጄኔቲክ ሀብቶች የሚገኝ ጥቅም፣ ባሕር በር የሌላቸውን አገሮች ጨምሮ፣ በፍትሐዊነት እንዲከፋፈል ይደነግጋል።

በዓድዋ የተጀመረው ምርምር ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሚገኘውና በስማቸው በተሰየመው የአክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ይታወሳል።