ባለሁለት 807 ቱቦ የሬዲዮ ማጉያ
አሜሪካ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ። አሉሚኒየም፣ መስታወት፣ የመዳብ ሽቦ። የእጅ ሥራ።

አርሲኤ የተባለው ኩባንያ የ807 ቱቦን ለገበያ ያወጣው በ1936 እ.ኤ.አ. ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ ከሠራዊቱ መጋዘን የተረፈው በርካሽ ተቸበቸበ፤ የአማተር ሬዲዮ ወዳጆችም እየገዙ በየጓዳቸው እንዲህ ያለ ማጉያ ገጣጠሙ።

ክራር የሚቃኝ ሰው ጆሮውን ያምናል፤ ይህን ማጉያ ሲቃኙ ግን የሚታመነው ዓይን ነው። መጀመሪያ በአንቴናው በኩል ያለው ኮንደንሰር ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። ከዚያ በቱቦዎቹ በኩል ያለው ኮንደንሰር ማዞሪያ ቀስ ተብሎ ሲዞር የሚሊአምፔር መለኪያው መርፌ በአንድ ቦታ ላይ ድንገት ዝቅ ትላለች። የምትፈለገው ያቺ ዝቅታ ናት፤ ከመዳብ ሽቦ የተጠቀለለው ኮይልና ይህ ኮንደንሰር ከሞገዱ ጋር ተስማምተዋል ማለት ነው። የአንቴናው ማዞሪያ ጥቂት ሲከፈት መርፌዋ ሽቅብ ትወጣለች፤ ዝቅታዋም እንደገና ትታደናለች። እንዲህ እየተመላለሱ ነው ኃይሉን ወደ አንቴናው የሚያሻግሩት። እጅ ከዘገየ ግን መውጫ ያጣው ኃይል ቱቦው ውስጥ ሙቀት ይሆናል፤ በመስታወቱ ውስጥ ያለው የብረት ሳህንም እንደ ፍም ይቀላል።

ለልምምድ በአንቴናው ፋንታ ተራ የቤት አምፖል ይታሰር ነበር፤ ድምቀቱ ያለ ብዙ ሒሳብ መልስ ይሰጣል።

በቱቦዎቹ አናት ላይ ያሉት ትንንሽ ቆቦች እስከ 750 ቮልት ይሸከማሉ። ለዚህም ነው ልምድ ያላቸው ሠሪዎች አንድ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው የሚነካኩት። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም የኃይል ኮንደንሰሩ ኤሌክትሪኩን አምቆ ሊቆይ ይችላል።