የደም ዋጋና የተበዳይ ካሣ በኢትዮጵያ የሕግ ታሪክ

በኢትዮጵያ ደጋ አገር «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። ይህ ተረት ስለ ቂም ብቻ የተነገረ ቢመስልም ለሕግ መርማሪ ግን አንድ ታላቅ ጥያቄ ያስነሣበታል። ሰው በተገደለ፥ አካል በጎደለ ወይም ንብረት በተሰረቀ ጊዜ በደሉ የማን ነው? የተበዳዩና የወገኑ ነው፥ ወይስ የመንግሥት፥ ወይስ ወንጀሉ የተፈጸመበት አገር ሕዝብ? ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ በየዘመኑ ተለዋውጧል፤ መልሱም በተለወጠ ቍጥር የተበዳዩ ዕድል አብሮ ሲለወጥ ኖሯል።

ዛሬ የሕግ ተማሪ በመጀመሪያ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ቅጣትና ካሣ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። ቅጣት ወንጀለኛው ለመንግሥትና ለሕዝብ ጸጥታ የሚከፍለው ዕዳ ሲሆን፥ ካሣ ግን ለተጐዳው ሰው የደረሰበትን ጉዳት የሚተካ ክፍያ ነው። በቀድሞው ዘመን ግን ይህ ልዩነት እንደዚህ ተለይቶ አይታወቅም ነበር። ደም የፈሰሰበት ወገን የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱም ደሙ እንዲመለስለት ወይም እንዲደርቅለት ነው።

ከተጻፈው ሕግ ወገን ቀዳሚው ፍትሐ ነገሥት ነው። ይህ መጽሐፍ በ13ኛው መቶ ዓመት በግብጽ አገር በቅብጡ ሊቅ በኢብን አል አሳል በዐረብኛ የተዘጋጀ ሲሆን፥ በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (1426-1460 ዓ.ም.) ወደ ግእዝ እንደ ተመለሰ በትውፊት ይነገራል። ከ51ዱ አንቀጾች የመጀመሪያዎቹ 22ቱ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት፥ የቀሩት ስለ ሥጋዊ ፍርድ የሚናገሩ ናቸው። ፍትሐ ነገሥት ዐውቆ የገደለውን ሳያውቅ ከገደለው ይለያል፤ የፍርዱንም ሥልጣን ለንጉሡና ለዳኛው ይሰጣል። ነገር ግን መጽሐፉ በቤተ መንግሥትና በሊቃውንት ዘንድ የተከበረ ቢሆንም፥ የባላገሩ የየዕለት ፍርድ ከአባቶች በተወረሰው ልማድ ይመራ ነበር።

ሁለቱ ሥርዐቶች የሚገናኙት በነፍሰ ገዳይ ፍርድ ላይ ነበር። ንጉሡ ወይም እንደ ራሴው በገዳዩ ላይ ከፈረደ በኋላ ገዳዩ ለሟቹ ዘመዶች ተላልፎ ይሰጥ ነበር። ፍርዱን መፈጸም የደመኛው ፈንታ ነበርና፥ ገዳዩ በገደለበት ዐይነት መሣሪያ እንዲሞት ማድረግ ይችላል፤ ደሙን በገንዘብ ወይም በከብት ለውጦ መማርም ይችላል። በዚያ ሰዓት ካህናትና ሽማግሎች፥ ብዙ ጊዜም መንገደኛው ሁሉ ሳይቀር፥ ደመኛው ካሣውን ተቀብሎ ነፍስ እንዲያተርፍ ይለምኑት ነበር። የሚከፍለው የሌለው ገዳይም ከደመኛው ወገን ጋር በሰንሰለት ታስሮ በየገበያውና በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የደም ዋጋ ሲለምን መታየቱን ወደ አገራችን የመጡ ተጓዦች ጽፈዋል። ከዚህ የምንረዳው የመንግሥት ፍርድ በደሉን ከተበዳዩ እጅ ያልወሰደበት መሆኑን ነው። ንጉሡ ይፈርዳል፤ የሚምር ወይም የሚቀጣ ግን ደም የፈሰሰበት ነው።

ጉዳዩ ወደ ንጉሡ ችሎት ሳይደርስ በሚያልቅበት ጊዜ ነገሩ የሽማግሎች ነበር። ገዳዩ መጀመሪያ ከአገሩ ይሸሻል ወይም ይሸፍታል፤ ዘመዶቹም ከሟቹ ወገን ጋር በገበያም ሆነ በውሃ መውረጃ እንዳይገናኙ ይጠነቀቃሉ። ሽማግሎቹ ሐዘኑ በረድ እስኪል ድረስ ጠብቀው፥ ካህናት መስቀል አስይዘው፥ ከሁለቱም ወገን ዋስ ይጠራሉ። የካሣው ልክ ከተቈረጠ በኋላ ገዳዩ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ በሟቹ ወገኖች ፊት ይወድቃል፤ እነርሱም «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሲሉ ድንጋዩ ይወርድለታል። ይህም «ደም ማድረቅ» ይባላል። በዚህ ሥርዐት የከብቱ ወይም የብሩ ብዛት ብቻ አይደለም የሚፈለገው፤ የገዳዩ መዋረድና በአደባባይ ማመኑ ራሱ የካሣው ክፍል ነው።

እንደዚህ ያለው ልማድ የደገኛው ብቻ አይደለም። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ጉማ የሚለው ቃል በቀሉንም ካሣውንም የእርቁንም ሥርዐት ያጠቃልላል። በሱማሌ ሕዝብ ዘንድ ደግሞ ማግ የሚባለው የደም ዋጋ በልማድ ለወንድ 100 ግመል፥ ለሴት 50 ግመል ነበር፤ ከፋዩም ገዳዩ ብቻውን ሳይሆን በቃል ኪዳን የታሰሩት የጎሣው ወንዶች ሁሉ ናቸው፤ የሚቀበሉትም እንዲሁ የሟቹ ወገኖች በጋራ ናቸው። ስለዚህ ጎሣው አባሉን ከጥፋት የሚጠብቅ ዘበኛ ይሆናል፤ አንዱ ሲያጠፋ ግመሉን የሚነዳው ሁሉም ነውና።

ወንጀለኛው ባልታወቀ ጊዜም የተበዳዩ ካሣ እንዳይቀር ልማዱ መንገድ ፈልጓል። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባለው ሸንጎ ያገሩን ነዋሪ ሁሉ በአንድ ሜዳ ሰብስቦ፥ ጥፋተኛው እስኪጠቆም ድረስ ሰዉን ከሥራው ያግደው ነበር፤ ጥፋተኛው ካልተገኘ የጠፋውን ንብረት ዋጋ አገሩ በሙሉ አዋጥቶ የሚከፍልበት ጊዜ ነበረ። ሌባ ሻይ በሚባለው ዘዴ ደግሞ መድኀኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ ያረፈበት ቤት ባለቤት ዕዳውን እንዲከፍል ይገደድ ነበር። አውጫጭኝ ሕዝቡን ለጸጥታው ተጠያቂ የሚያደርግ ሲሆን፥ ሌባ ሻይ ግን ንጹሑን ሰው በአጋጣሚ የሚያስከፍል ስለ ነበረ መከልከሉ ተገቢ ሆኗል።

ልማዱን የሚያመሰግን ሰው ጕድለቱንም መሰወር የለበትም። የሴት ደም በእኩሌታ መገመቱ፥ ባንዳንድ አገርም ልጃገረድ ሳትጠየቅ ለእርቅ ማተሚያ ለደመኛው ወገን መሰጠቷ፥ የተበዳይን እንባ ለማበስ ሌላ ተበዳይ መፍጠር ነው። ባለጸጋው ገዳይ ከብቱን ነድቶ ሲገላገል ድኻው ወገኑን ሁሉ ያደኸያል። ዘመድ የሌለው ሟችም ደሙን የሚጠይቅለት አያገኝም።

የመንግሥት ሕግ እየበረታ ሲሄድ በደሉ ከወገን ወደ መንግሥት ተዛወረ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስቴርም ተቋቋመ። በ1923 ዓ.ም. በዐፄ ኀይለ ሥላሴ ዘመን የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ቅጣቶችን በአንድ መጽሐፍ ሰበሰበ። ከዚያም የስዊሱ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቀው አዲሱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በሐምሌ 1949 ዓ.ም. ታውጆ በሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ። በዚህ ሕግ የወንጀል ቅጣት ዓላማ የሕዝብን ጸጥታ መጠበቅና ወንጀልን መከላከል ሆነ። ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ፥ ፈጻሚው መንግሥት ሆነ፤ ደመኛው ከባለቤትነት ወደ ምስክርነት ወረደ።

ሆኖም ሕጉ ተበዳዩን ፈጽሞ አልረሳውም። በ100ኛው አንቀጽ ጕዳት የደረሰበት ሰው ወይም ወራሾቹ የካሣ ጥያቄያቸውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምረው እንዲያቀርቡ ፈቀደ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዐት ሕግም የአቀራረቡን መንገድ ከ154ኛው አንቀጽ ጀምሮ ደነገገ። በሩ ግን ጠባብ ነበር። ተከሳሹ አካለ መጠን ያላደረሰ ሲሆን፥ በሌለበት ሲፈረድ፥ ወይም ጥያቄው ነገሩን የሚያወሳስብ ሲሆን ዳኛው ሊመልሰው ይችላል፤ ተከሳሹ በነጻ ሲለቀቅ ደግሞ ተበዳዩ ወደ ፍትሐ ብሔር ችሎት ይሸኛል። በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ በበኩሉ የሕሊና ጕዳት ካሣ ሲቈረጥ ያገር ልማድ እንዲታይ ቢያዝም፥ ካሣው ከ1000 የኢትዮጵያ ብር እንዳይበልጥ ወሰነው። በገጠር ከብቱንና ጋሻ መሬቱን ለደም ሲቈጥር ለኖረ ሰው ይህ ልክ ምን እንደ መሰለው መገመት አያስቸግርም።

ከዚህም የተነሣ ሁለቱ ሥርዐቶች ጐን ለጐን ኖሩ። ገዳዩ የእስራት ዘመኑን ፈጽሞ ወደ አገሩ ሲመለስ መንግሥት ፍርዱ አለቀ ይላል፤ የሟቹ ወንድም ግን ደሙ አልደረቀም ይላል። ሽማግሎች ገዳዩ ከእስር ቤት ከመውጣቱ በፊት ወይም እንደ ወጣ እርቅ የሚያበጁት ስለዚህ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በተከራካሪዎች ፈቃድ በልማድ ሕግ እንዲዳኙ የፈቀደው የግልና የቤተ ሰብ ጉዳዮችን ሲሆን፥ ወንጀልን በዚህ ውስጥ አልጠቀሰም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም የቀድሞውን የካሣ ድንጋጌ በ101ኛውና በ102ኛው አንቀጽ አጸና፤ ካሣው እንደማይከፈል የሚያሠጋ ሲሆን ከመቀጮው ወይም ከተወረሰው ንብረት ሽያጭ ለተበዳዩ እንዲሰጥ ለዳኛው ሥልጣን ሰጠ።

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ወገን አለው። የመንግሥት ሕግ የሚያስከፍለው ጥፋተኛውን ብቻ ነውና ፍትሕ አለው፤ የታሰረ ሰው ግን ሠርቶ ለመክፈል ይቸግረዋል። ልማዱ ወገንን ሁሉ ስለሚያስከፍል ካሣውን ያስገኛል፤ ነገር ግን ያላጠፋውን ያስከፍላል፤ ሴቲቱንና ዘመድ የለሹን ያሳንሳል። የሕግ ዐዋቂ ሁለቱን አነጻጽሮ ሊጠይቅ የሚገባው የትኛው ይጥፋ ብሎ አይደለም። ያ የሟች ወገን በሽማግሎቹ ፊት ያገኘውን ክብር፥ ይኸውም ተጠይቆ መመለስንና በደሉ በአደባባይ ሲታመንለት መስማትን፥ በመንግሥት ችሎት ውስጥ ማግኘት የሚችለው በምን መንገድ እንደሆነ ነው።