የመቶ ሠላሳ ዶላር ጀግና

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1938 ዓ.ም. ማርች 1 ቀን፣ የሥዕላዊ ታሪክ መጽሔቶችን የሚያሳትም አንድ የኒውዮርክ ድርጅት ለሁለት የክሊቭላንድ ወጣቶች የ412 ዶላር ቼክ ቈረጠ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ወጣቶቹ ደራሲው ጄሪ ሲገልና ሠዓሊው ጆ ሹስተር ነበሩ፤ ሁለቱም በ1914 የተወለዱ፣ ሁለቱም የአይሁድ ስደተኞች ልጆች። ከ412ቱ ዶላር አብዛኛው ለልዩ ልዩ ሥራዎቻቸው የሚገባ ክፍያ ሲሆን፣ 130ው ብቻ ሱፐርማን ለተባለ አዲስ ገጸ ባሕርይ ነበር። የሒሳቡ አሠራር ቀላል ነው፤ 13 ገጽ፣ ለእያንዳንዱ ገጽ 10 ዶላር። በዚያ ዋጋ ሁለቱ ከያንያን ገጸ ባሕርዩን ከነሙሉ መብቱ ለአሳታሚው አስረከቡ።

ከአርባ ዓመት በኋላ በዚሁ ገጸ ባሕርይ ስም የተሠራው ፊልም 55 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ። እስከዚያ ዘመን ድረስ ይህን ያህል ገንዘብ የወጣበት ፊልም አልነበረም። በዓለም ሲኒማ ቤቶች ያስገባው ደግሞ ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር ይገመታል። ስለ ሱፐርማን ፊልም ሲወሳ ዘወትር የሚጠቀሱት እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። ቁጥሮቹ ግን ገንዘቡ በማን እጅ እንደገባና ከማን እጅ እንደወጣ አይናገሩም፤ ይህን ለማወቅ የሒሳቡን መዝገብ ገጽ በገጽ መግለጥ ያስፈልጋል።

ሲገልና ሹስተር የፈጠሩት ጀግና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመጽሔት ወደ ጋዜጣ፣ በ1940 ወደ ሬዲዮ፣ በ1941 ወደ ካርቱን ፊልም፣ በ1952 ወደ ቴሌቪዥን ተሻገረ። እነርሱም ለአሳታሚው እየጻፉና እየሣሉ ጥሩ ደመወዝ ያገኙበት ጊዜ ነበር። ይሁን እንጂ በ1947 መብታቸውን ለማስመለስ ክስ በመሠረቱ ጊዜ ነገሩ ተበላሸ። በማግስቱ ዓመት በ94 ሺህ ዶላር ገደማ ስምምነት ክርክሩ ሲዘጋ፣ ከሥራቸው ወጡ፤ ስማቸውም ከሱፐርማን ገጾች ላይ ተፋቀ። አንድ ደራሲ ስሙ ከገዛ ሥራው ላይ ሲፋቅ ምን እንደሚሰማው ለማስረዳት ቃላት ማብዛት አያሻም።

በ1970ዎቹ አጋማሽ አሌክሳንደር ሳልካይንድና ልጁ ኢልያ ታላቁን የሱፐርማን ፊልም ለመሥራት ተነሡ። ድርሰቱን እንዲጽፍ የቀጠሩት የ«ዘ ጎድፋዘር»ን ደራሲ ማሪዮ ፑዞን ሲሆን፣ የተዋዋሉትም 600 ሺህ ዶላርና ከገቢው ድርሻ ሊሰጡት ነው። በዚያ ጊዜ ሲገል በሎስ አንጀለስ ተራ የቢሮ ጸሐፊ ነበር፤ ሹስተር ደግሞ የዓይኑ ብርሃን ደክሞ በኒውዮርክ ከወንድሙ ጋር ይኖር ነበር። የፊልሙ ወሬ ሲገል ዘንድ በደረሰ ጊዜ፣ በ1975፣ በደሉን የሚዘረዝርና ፊልሙን የሚራገም ረጅም ደብዳቤ ለጋዜጦች በተነ። ሠዓሊዎቹ ኒል አዳምስና ጄሪ ሮቢንሰን ነገሩን ይዘው አደባባይ አወጡት። የገጸ ባሕርዩ ባለቤት የነበረው ዋርነር ኮሙኒኬሽንስ ፊልሙ ሳይወጣ ስሙ እንዳይጎድፍ ሠግቶ፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወር ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20 ሺህ ዶላር ጡረታ ሊከፍልና ስማቸውን ወደ ቦታው ሊመልስ ተስማማ። ፊልሙ ላይ የፈጣሪዎቹ ስም ሊነበብ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ሕግ የነፈጋቸውን የሰጣቸው የሰው ዓይን ነበር።

ወደ ፊልሙ ወጪ እንመለስ። ሳልካይንዶች በመጀመሪያ ያስፈረሙት ማርሎን ብራንዶን ነው። የሚጫወተው ፕላኔቷ ክሪፕቶን ከመጥፋቷ በፊት ሕፃኑን ወደ ምድር የሚሰደውን አባት፣ ጆር ኤልን ነበር፤ በታሪኩ መጀመሪያ ላይ ታይቶ የሚያልፍ ሰው። ለሁለት ሳምንት ያህል ቀረጻ የተዋዋለው ግን 3.7 ሚሊዮን ዶላርና ከገቢው ከመቶ 11.75 ነበር። ጂን ሃክማን 2 ሚሊዮን ተከፈለው። ሱፐርማንን ራሱን የተጫወተው፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ወጣት ክሪስቶፈር ሪቭ፣ ለሁለት ፊልሞች ያገኘው 250 ሺህ ዶላር ነው። በፊልሙ መግቢያም የብራንዶና የሃክማን ስም ከሪቭ በፊት ይነበባል።

ለመሆኑ ጀግናው በዚህ ዋጋ ሲቀጠር አባቱ ከአሥራ አራት እጥፍ በላይ የተከፈለው ስለ ምንድን ነው? ምስጢሩ ያለው ከፊልሙ ውጪ ነው። ገና ያልተሠራ ፊልም ለአከፋፋይና ለአበዳሪ የሚቀርበው በስም ነው፤ ብራንዶ ሲፈርም ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ሳጥናቸውን መክፈት ጀመሩ። እንግዲህ የ3.7 ሚሊዮኑ ዶላር ዋጋ ከትወናው ይልቅ የፊርማው ዋጋ ነበር። ብራንዶም ይህን ሳይገነዘብ የቀረ አይመስልም። ዳይሬክተሩ ሪቻርድ ዶነር ኋላ እንደተረከው፣ በመጀመሪያው ውይይታቸው የክሪፕቶን ሰዎች መልክ በምድር ስለማይታወቅ ጆር ኤል አረንጓዴ ሻንጣ ቢሆንና እርሱ ድምፁን ብቻ ቢያውሰው ምን ይመስልሃል የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። በቀረጻውም ጊዜ ቃለ ተውኔቱን ማጥናት ትቶ በየስፍራው ከተለጠፈ ወረቀት ያነብ ነበር ይባላል።

የአንድ ሰው ስም ምን ያህል ሊያስወጣ እንደሚችል የሚያሳይ ሌላም ነገር አለ። ፊልሙ መጀመሪያ የታሰበው ሮም ላይ ሊሠራ ነበር። ብራንዶ ግን ቀደም ሲል በሠራው ፊልም ምክንያት በጣልያን አገር በብልግና ክስ ይፈለግ ስለነበር ወደዚያ መሄድ አልቻለም። ሥራው ሁሉ ወደ እንግሊዝ አገር ተዛወረ። ያን ጊዜ የተመደበው ዳይሬክተር ጋይ ሃሚልተን ደግሞ በግብር ምክንያት በእንግሊዝ አገር ከ30 ቀን በላይ መቀመጥ የማይችል ሰው ሆኖ ተገኘና በዶነር ተተካ። በዚህ ሁሉ መካከል ለበረራ ሙከራ የዋለ 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሜዳ ላይ ፈሰሰ።

ዶነር ከማርች 1977 ጀምሮ በፓይንውድና በሼፐርተን ስቱዲዮዎች ሁለቱን ፊልሞች በአንድ ላይ ይቀርጽ ጀመር። ከሁሉ የከበደው ሰውን ማብረር ነበር። አሻንጉሊት በማስወንጨፊያ ወረወሩ፤ በሬዲዮ የሚመራ ትንሽ አውሮፕላን በሰው ቅርጽ ሠሩ፤ ሥዕልም አንቀሳቀሱ፤ አንዱም ዓይንን አላሳመነም። በመጨረሻ ዞራን ፔሪሲች የካሜራውንና የማሳያውን መነጽር አንድ ላይ በማቅረብና በማራቅ፣ ሳይንቀሳቀስ የተንጠለጠለውን ሰው ወደ ተመልካቹ የሚበር አስመሰለው። የገንዘቡ አንዱ ትልቅ ክፍል እውነተኛ ጥበብ የሆነው እዚህ ላይ ነው። የመብራት፣ የአናጺነትና የካሜራ ባለሙያዎች ለወራት የደከሙበት ይህ ሥራ ከአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ልዩ ሽልማት አግኝቷል። ወጪው እየናረ ሄዶ ሳልካይንዶች ሲያጥራቸው ዋርነር ተጨማሪ ገንዘብ አፈሰሰ፤ በምላሹም የስርጭት መብቱን ድርሻ አሰፋ።

ፊልሙ በዲሴምበር 1978 ሲወጣ በአሜሪካና በካናዳ ብቻ ወደ 134 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በቲኬት መስኮት የገባው ገንዘብ ሁሉ ወደ ሠሪው አይደርስም፤ ሲኒማ ቤቱ ድርሻውን ያስቀራል። ከ134ቱ ሚሊዮን ለአከፋፋዩ የደረሰው 83 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከዚያም ላይ አከፋፋዩ የማስታወቂያውን፣ የቅጂውንና የራሱን ይቀንሳል። «ከገቢው» እና «ከትርፉ» ተብለው በተጻፉ ሁለት ውሎች መካከል ገደል ያለው ስለዚህ ነው። ትርፍ በሒሳብ ሹም ብዕር ሊጠፋ ይችላል፤ ገቢ ግን በቲኬት ጉራጅ ይቆጠራል። ብራንዶ ይህን ልዩነት ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ሆኖ እንኳ ድርሻዬ አልተሰጠኝም በማለት የ50 ሚሊዮን ዶላር ክስ መሥርቷል።

የክሱ መዘዝ ከፍርድ ቤት አልፎ ወደ ድርሰቱ ገባ። ዶነር ከሁለተኛው ፊልም አብዛኛውን ቀርጾ ሳለ ከሳልካይንዶች ጋር ተጣልቶ ተሰናበተና ሪቻርድ ሌስተር ተተካ። ብራንዶ ለሁለተኛው ፊልም የተጫወታቸው ትዕይንቶች ተቀርጸው ተቀምጠው ነበር፤ ሆኖም ቢታዩ ድርሻው ሊከፈለው ነው። ስለዚህ አባትየው ተቈርጦ ወጣና ልጁን የምትመክር እናት፣ በሱዛና ዮርክ የተመሰለችው ላራ፣ ንግግሩን ወረሰች። ተውኔት ለሚጽፍ ሰው ይህ የሚያስደነግጥ ነገር ነው። በልጅና በአባት መካከል የተዘረጋው የታሪኩ አከርካሪ በመቶኛ ሒሳብ ተነቀለ። ተመልካች እነዚያን ትዕይንቶች በቦታቸው ያያቸው በ2006፣ ብራንዶ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

በ1987 የወጣው አራተኛው ፊልም በሌላ ኩባንያ እጅ ወድቆ፣ የታሰበለት ገንዘብ ወደ 17 ሚሊዮን ዶላር ተቀነሰበት። ሚልተን ኪንስ የተባለችው የእንግሊዝ ከተማ ኒውዮርክን እንድትመስል ተደረገች፤ አንድ የበረራ ትዕይንት ደጋግሞ ታየ። በአሜሪካ ያስገባው 15.6 ሚሊዮን ነው። ሪቭ ከዚያ በኋላ ያን ካባ አልለበሰም።

ሹስተር በ1992፣ ሲገል በ1996 ዐረፉ። የ1938ቱ ቼክ ግን አልጠፋም፤ በአንድ ክስ ማስረጃ ሆኖ ቀርቦ ስለነበር በጀርባው የፍርድ ቤት ማኅተም አርፎበታል። በ2012 ዓ.ም. በጨረታ ወጣና በ160 ሺህ ዶላር ተሸጠ።