ደም መላሽነት በምሥራቅ ጎጃም

ደም መላሽነት የሟች ወገን ገዳዩን፣ እሱ ካልተገኘም ዘመዱን በመግደል የሚወጣው በቀል ነው። በምሥራቅ ጎጃም፣ በደብረ ወርቅ፣ በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ ባለው ገጠር፣ የነፍስ ግድያ ሲነሣ ከዝርፊያ ቀድሞ የሚጠቀሰው እሱ ነው። ገዳይና ሟች አብዛኛውን ጊዜ ይተዋወቃሉ፤ ጎረቤት ናቸው፣ በአንድ ደብር ይሳለማሉ፣ አንዳንዴም ከአንድ አያት ይወለዳሉ።

ደብረ ወርቅ የእናርጅ እናውጋ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከደጀን በቢቸና አድርጎ ወደ ሞጣ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ትገኛለች። ያደገችውም በጥንታዊቷ የደብረ ወርቅ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። ፖሊሱም የወረዳው ፍርድ ቤትም በከተማዋ ይገኛሉ፤ ጠቡ ግን በብዛት የሚመጣው ከገጠሩ ነው። በገበያ ቀን ደመኞች አንድ መንገድ ላይ የመገጣጠም ዕድላቸው ሰፊ ስለሆነ፣ ደም ያለበት ሰው ገበያ መውጣቱን ይተዋል፤ ከወጣም ከወገኖቹ ጋር ታጅቦ ነው።

የጠቡ ዋና ምንጭ መሬት ነው። በርስት ሥርዓት አንድ ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው አቅኚ አባት ድርሻ መጠየቅ ይችል ነበር። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን በጎጃም በደጋ ዳሞት ባደረገው ጥናት እንዳሳየው፣ ይህ አሠራር ዘመድን ከዘመድ ጋር ዕድሜ ልክ የሚያሟግት ነበር። በየካቲት 1967 የታወጀው የመሬት አዋጅ ርስትን ሻረ፤ በ1989 ደግሞ በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲከፋፈል ከቀደሙት ሥርዓቶች ጋር ተያይዘው «ቢሮክራት» እና «ቅሪት ፊውዳል» ከተባሉት ላይ ተቆርሶ ለሌሎች ተሰጠ። ሽግሽጉ በተካሄደባቸው ቀበሌዎች ወሰን ተነቅሎ ሌላ ወሰን ተተከለ፤ ከወሰኑም ጋር ቂም። በኋላ የመጣው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ባለይዞታው ማን እንደሆነ ይናገራል፤ በክረምት እርሻ አንድ ትልም ወደ ጎረቤት ሲገፋ ግን ደብተሩ በቦታው ቆሞ አይመሰክርም። ከመሬት ቀጥሎ አዝመራ የገባ ከብት፣ የሴት ጉዳይ፣ በድግስና በአረቄ ቤት የተሰነዘረ ስድብ ይመጣል።

ጠቡን ወደ ሞት የሚያፋጥነው መሣሪያ ነው። በዱላና በሽመል የተጀመረ ጠብ በቁስል ሊበርድ ይችላል፤ ጥይት ግን ለሽማግሌ ጊዜ አይሰጥም። ጎጃም ከውጅግራና ከምንሽር ጠመንጃ ዘመን ጀምሮ የታጠቀ አገር ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት የሸፈተውና በኋላ በአርበኝነቱ የገነነው በላይ ዘለቀ የዚሁ የቢቸና አካባቢ ሰው ነበር፤ በ1937 አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጣ። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውመው የተነሡት የሞጣና የቢቸና ገበሬዎችም የታጠቁ ነበሩ። ዛሬ የምንሽርን ቦታ ክላሽ ይዞታል። በ2012 የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝን ከልክሏል፤ ይሁን እንጂ ጠመንጃን የወንድነት መለኪያና የርስት ጠባቂ አድርጎ በሚያይ አገር አዋጁ ከወረቀት ብዙም አልራቀም።

በቀድሞው ዘመን ግድያ በዋናነት የቤተ ዘመድ ጉዳይ ነበር። ገዳዩ ተይዞ ሲፈረድበት ለሟች ወገን ይሰጥ ነበር፤ ወገኑም ወይ ይገድለዋል ወይ የደም ካሳ ተቀብሎ ይምረዋል። በ1923፣ በ1949 እና በ1996 የወጡት የወንጀል ሕጎች ቅጣቱን ወደ መንግሥት እጅ አዛወሩ። በሥራ ላይ ያለው የ1996ቱ ሕግ በአንቀጽ 539 ለከባድ ግድያ ዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም ሞት፣ በአንቀጽ 540 ለተራ ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ይደነግጋል። የፍርድ ቤት ቅጣት ግን የሟችን ወገን ቁጣ ሁልጊዜ አያበርድም። ልጅ እያለ አባቱ የተገደለበት ጎረምሳ የገዳዩን መፈታት ቆጥሮ ሊጠብቅ ይችላል። ያልተበቀለ ወንድ በቀረርቶና በለቅሶ ላይ በሚወርድ ሙሾ ሲነካ ይኖራል።

ስለዚህ ከፍርዱ ጎን እርቅ ይሄዳል። የገዳይ ወገን ሽማግሌና ካህን ይልካል። የሟች ቤተሰብ መጀመሪያ ፊት መንሣቱ የተለመደ ነው፤ ቶሎ እሺ ያለ ሟቹን እንዳቃለለ ይቆጠራል። ሽማግሌዎቹ ካሳውን ይቆርጣሉ፣ ዋስ ያስጠራሉ፤ በዕለቱ ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ጎንበስ እያለ ይቀርባል፣ መስቀል በመካከል ይቆማል፣ ሁለቱም ወገን ይምላል። ከዚያ አብረው ይበላሉ። ይህም «ደም ማድረቅ» ይባላል። በአንዳንድ ቦታ ከገዳይ ወገን ሴት ልጅ ለሟች ወገን በጋብቻ ትሰጥ ነበር፤ ባልሠራችው ጥፋት ዋጋ የምትከፍለው እሷ በመሆኗ የእርቁ ደካማ ጎን ይህ ነበር። እርቁ ክሱን አያስቆምም፤ ግድያ በግል አቤቱታ የሚቀርብ ወንጀል አይደለምና። ቢበዛ ቅጣት ሲወሰን እንደ ማቅለያ ሊታይ ይችላል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሌላ ዓይነት አመጽ ተጨምሯል። በታኅሣሥ 2012 በሞጣ መስጊዶች ተቃጥለዋል፣ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ወድመዋል፤ ይህ በደም ቂም የሚገለጽ አልነበረም፣ የመንጋ ጥቃት ነበር። በ2015 የተነሣው የፋኖ ታጣቂዎችና የመንግሥት ኃይሎች ጦርነትም ምሥራቅ ጎጃምን ከዋና አውድማዎቹ አንዱ አደረገው፤ በሐምሌ መጨረሻ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስከ 2016 ግንቦት ማብቂያ ዘለቀ። ፖሊስና ፍርድ ቤት ከገጠር ቀበሌ ሲርቁ፣ የቆየ ቂም በጦርነት ስም ለመወጣት ይመቻል፤ በዚህ ጊዜ የተፈጸመ ግድያ ከፖሊስ መዝገብ ብቻ ተነሥቶ የደም ነው ወይም የጦርነት ነው ብሎ መለየት አይቻልም።