የአንድ ሴንቲ ሜትር ጣጣ

መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ደራራ ሁሪሳ የቪየና ማራቶንን በ2:09:22 አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ብዙም ሳይቆይ ውጤቱ ተሰረዘ። ድሉም በሦስት ሰከንድ ለተቀደመው ኬንያዊ ሊዮናርድ ላንጋት ተሰጠ። ጉዳዩ አበረታች መድኃኒት አልነበረም። የተጫማው የአዲዳስ ጫማ ሶል 5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የተፈቀደው 4 ነው። በቅጹ ላይ የሞላው ሌላ ጫማ እንደነበር አዘጋጆቹ ተናግረዋል።

ደንቡን የዓለም አትሌቲክስ ያወጣው በጥር 2012 ዓ.ም. ነው። የጎዳና ጫማ ሶል ከ40 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ በውስጡም ከአንድ በላይ ጠንካራ ፕሌት አይፈቀድም። በመም ውድድር ለ800 ሜትርና ከዚያ በላይ 25 የነበረው ከጥቅምት 2017 ዓ.ም. ወዲህ 20 ሆኗል።

ፎርሙላ ዋንን የሚከታተል አንባቢ ቀጥሎ የሆነው አይገርመውም። እዚያ ደንቡ የመኪናውን ክንፍ ሲገድብ መሐንዲሱ ወደ ወለሉ ይዞራል። እዚህም ውፍረት ተገደበ እንጂ ክብደት አልተገደበም። ትዕግስት አሰፋ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ በ2:11:53 ስትገባ የያኔውን የዓለም ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሻለች። የተጫማችው የዚያው የአዲዳስ ምርት ነው፤ 138 ግራም ይመዝናል፣ ዋጋው 500 ዶላር፣ ፍጹም ሕጋዊ።

ሕግን አለማወቅ ይቅርታ አያሰጥም፣ ይህን እኛ የሕግ ሰዎች ስንደጋግመው ኖረናል። ነገር ግን ከአዳማ ወደ አሰላና በቆጂ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚሮጥ ወጣት የተሰጠውን ጫማ በማስመሪያ ይለካ? የተፈቀዱ ጫማዎች ዝርዝር በእንግሊዝኛ ታትሟል፤ ማንበቡ የማናጀሩ ሥራ ነው። የሚሰረዘው ግን የሯጩ ውጤት ነው። ዝርዝሩ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ እስከ ክለቦች ቢወርድ ወጪው ከጥቂት ገጽ ወረቀት አይበልጥም።